ጓንቴ የጮኸለት ወርዋሪ

ሥራዬ በአንድ የጃፓን ክለብ የቤዝቦል ኳስ መያዝ ነው ብል ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። ሌላው ግማሽ ማስጮህ ነው። ከዋናው ሜዳ ጎን ወርዋሪዎቻችን ጨዋታ ከመግባታቸው በፊት ክንዳቸውን የሚያሟሙቁበት በአጥር የተከለለ ጠባብ ቦታ አለ፤ እዚያ ቁጢጥ ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ኳሷ መዳፌ ላይ ካረፈች ድምፅዋ የታፈነ ነው። በጓንቱ ኪስ ውስጥ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ከቀለብኳት ግን እንደ ጅራፍ ትጮኻለች። ወርዋሪው ያንን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል። ከላዩ ላይ "ግሩም ኳስ!" ስለው ደግሞ ሌላ ሰው ሆኖ ወደ ሜዳ ይገባል። ድምፁን የምሠራው እኔ መሆኔን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ማናችንም ግን አናነሳውም።

ይህን ሥራ የተማርኩት ወድቄ ነው። እኔም ጊዜዬ ሳለ ለዚሁ ክለብ ተጫዋች ነበርኩ፤ ኳስ መያዝ እችል ነበር፣ መምታት ግን አልሆነልኝም። በሃያ ሰባት ዓመቴ "ሆሪ፣ እዚያ ጥግ ብትቀመጥልንስ?" አሉኝ። ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሳሁም።

ኢኩታ ቶሺሮ የመጣልን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አባቱ ኦካያማ ውስጥ ኮክ ያመርታሉ። ፍሬው ገና ዛፉ ላይ ሳለ አንድ በአንድ የወረቀት ከረጢት የሚያለብሱ፣ ሲለቅሙም በጣታቸው ላለመጫን የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው፤ ኮክ በአውራ ጣት ጫን ካሉት በማግስቱ ይጠቁራል። ልጃቸው ግን የእሳቸውን እጅ አልወረሰም። የመጀመሪያው ቀን ሲወረውርልኝ ግራ እጄ እስከ ክርኔ ደነዘዘ። ያን ጊዜ ለዚህ ልጅ መዋሸት አላስፈለገኝም ነበር።

ኢኩታን ኢኩታ ያደረገው ግን ፍጥነቱ አልነበረም። ልቡ ነው። ኳሷ ልታልፍበት የሚገባ፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ሰሌዳ አለ፤ መቺው ዱላውን ይዞ አጠገቡ ይቆማል። በሰሌዳው ውስጠኛ ጠርዝ፣ ከመቺው ክርን ሥር፣ አንዲት ስንዝር የምታህል ቦታ አለች። ኳስ እዚያች ላይ ሲመጣ መቺው ለደረቱ ይፈራል፤ ወደ ኋላ ይላል፤ ወደ ኋላ ካለ በኋላ ሌላው የሰሌዳው ክፍል ሁሉ የወርዋሪው ነው። እዚያች ቦታ ላይ መወርወር የማይደፍር ወርዋሪ በአንድ በኩል ብቻ አጥር እንዳለው ግቢ ነው፤ ያሻው ይገባበታል። ኢኩታ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለአንድ ጋዜጠኛ "ያቺ ቦታ የኔ ናት፣ መቺው ተከራይ ነው" ብሎ መለሰ። ባለጌ ነው ያሉ ነበሩ። እኔ ሳቅሁ። እንደዚያ የሚያስብ ወርዋሪ በዕድሜዬ ከሦስት በላይ አላየሁም።

ያው ድፍረቱ ነው የመጀመሪያውን ጣጣ ያመጣው። ክለባችን በገባ በሁለተኛው ዓመቱ አንድ አንጋፋ መቺን ጭኑ ላይ መታና ዝም ብሎ አፈጠጠበት፤ ሰውየው ኳሷን የረገጠበት ይመስል። መቺን የመታ ወርዋሪ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ይህን የማያውቅ የትምህርት ቤት ልጅ እንኳ የለም። ስታዲየሙ አጉረመረመ። አሠልጣኙ ጠራኝና፣ ይህን ልጅ ሥርዓት አስተምርልኝ አለኝ።

አስተማርኩት። አምስት ቀን ሙሉ ማሟሟቂያው ቦታ እያስወረወርኩ፣ ባሰኘኝ ጊዜ የራስ ቁሬን መታ አደርጋለሁ፤ እሱ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ያጎነብሳል። ሲዘገይብኝ ተቆጣሁት።

"ኳሷ ከእጅህ ስትወጣ መሳቷን ከማንም በፊት የምታውቀው አንተ ነህ" አልኩት። "ዳኛውን አትጠብቅ፣ ሕዝቡንም አትጠብቅ። እጅህ ኮፍያህ ላይ ይቅደም።"

በአምስተኛው ቀን እጁ ሳያስብ በራሱ መሄድ ጀመረ። በኋላ ጋዜጦች "ጨዋው ወርዋሪ" ብለው ጻፉለት፤ እኔም ጋዜጣውን ለሚስቴ አሳየኋት። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ናሩሚ ጎ የተባለውን ሰው የመታው ክለባችን በገባ በሰባተኛው ዓመቱ፣ ዝናብ በሚያካፋበት የሰኔ ቀን ነው። ናሩሚ የተቃራኒ ቡድን መቺ ነበር፤ የኦሳካ ልጅ፣ ምላሰኛ፣ ሰሌዳው ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቆም። ኢኩታ ወደ ውስጥ ወረወረ፤ እርጥቧ ኳስ ከጣቱ አመለጠች። እኔ ከአጥሩ በስተጀርባ ሆኜ ድምፁን ሰማሁት። በሕይወቴ ብዙ ድምፅ ሠርቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። ናሩሚ በፊቱ ተደፋ። ከግራ ዓይኑ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ ነበር።

ፊትና ራስ የመታ ወርዋሪ ከጨዋታው ይባረራል፤ ሕጉ ነው። ኢኩታ ግን መባረሩን አልሰማም። ኮፍያውን ይዞ እንዳጎነበሰ ዝናቡ ፀጉሩ ላይ ሲወርድ ቆየ። አሠልጣኙ ክንዱን ይዞ እስኪወስደው ድረስ ቀና አላለም።

ከአራት ቀን በኋላ አንድ ካርቶን የአባቱን ኮክ ይዞ ሆስፒታል ሄደ። ብቻውን መሄድ ስላቃተው ተከተልኩት። ናሩሚ ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ካርቶኑን አየና፣ ይኼንንስ በእጅህ ነው የምትሰጠኝ ወይስ ከደጅ ልትወረውርልኝ ነው ብሎ ቀለደ። እኔ ሳቅሁ። ኢኩታ ግንባሩ አልጋውን ሊነካ እስኪደርስ አጎነበሰ፤ ሦስት ጊዜ።

"ቀና በል" አለው ናሩሚ። "ስማኝ። ወደ ውስጥ መወርወርህን እንዳትተው። ከተውክ እኔ በከንቱ ነው የተመታሁት።"

ሰድቦት ቢሆን ይሻል ነበር። ስድብ ይረሳል። ያንን ቃል ግን ልጁ እንደ ድንጋይ ተሸክሞት ወጣ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ኢኩታም እንደዚያ ሆነ። ሰሌዳው ባዶ ሲሆን፣ መቺ በሌለበት፣ ከአሥር አሥሩን እዚያችው ስንዝር ቦታ ላይ ያሳርፋል። መቺ ሲቆም ግን ኳሷ በራስዋ ወደ ውጪ ትሸሻለች። መቺዎች ሞኞች አይደሉም፤ በአንድ ወር አወቁበት። ዱላቸውን አስረዝመው ውጪ ውጪውን ይጠብቁት ጀመር። ይደበድቡት ነበር ብል ይቀላል።

ክለቡ የሥነ ልቦና ባለሙያ አመጣለት። ዓይንህን ጨፍን፣ ጸጥ ያለ ወንዝ እይ ይለዋል። ምን አየህ ብዬ ጠየቅሁት። ወንዙን አይቻለሁ፣ ናሩሚ ሳን ውስጡ ዱላ ይዞ ቆሟል አለኝ፤ እዚያም ሆኖ በአክብሮት ሳን ነው የሚለው። ልስቅ ብዬ ፊቱን አየሁና ተውኩት። ባለሙያው ከኪሱ ደብተር አውጥቶ "በራሴ እተማመናለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር በየማለዳው ሃያ ጊዜ እንዲጽፍ አዘዘው። ጻፈ። የእጅ ጽሑፉ አማረ፤ ያ እኔን አናደደኝ እንጂ እሱን ምንም አልፈየደው።

ወደ ሁለተኛው ቡድን አወረዱት። በዚያው ሰሞን እኔንም እዚያ መደቡኝ። ክረምቱ ላይ፣ ብርድ ጣት በሚቆርጥበት ጠዋት፣ የራሴን መላ ልሞክር አልኩ። ለሌላ ሰው ጓንቴን ሰጥቼ፣ የራስ ቁር አጥልቄ፣ ዱላ ይዤ ሰሌዳው ላይ ቆምኩለት።

"ወደ ውስጥ ወርውር" አልኩት። "ከመታኸኝም ምታኝ፤ ሚስቴ ቤት ውስጥ አርፌ ስቀመጥ ማየት ትፈልጋለች።"

አርባ ኳስ ወረወረ። አርባውም ወደ ውጪ ሄዱ። የመጨረሻዎቹ ከዱላዬ ጫፍ እንኳ ይርቁ ነበር። ከዚያ ወርዋሪ ከሚቆምባት ጉብታ ወርዶ አጠገቤ መጣ፤ በዚያ ብርድ ላቡ ይንጠፈጠፋል።

"እጄ እስከ መጨረሻው የኔ ነው፣ ሆሪ ሳን" አለኝ። "ልለቃት ስል ብቻ የሌላ ሰው ይሆናል።"

የማውቀውን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ጓንቴን ተቀብዬ ቁጢጥ አልኩና ሰሌዳውን ባዶ አድርጌ አስወረወርኩት። አስጮኽኩለት። "ግሩም ኳስ! ሕያው ናት!" አልኩት። ትከሻው ትንሽ ቀና አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል እንደዚያ ኖርን፤ ጠዋት እኔ ደረቱን እነፋዋለሁ፣ ከሰዓት መቺዎች ያስተነፍሱታል።

ወደዚህ ታሪክ ክፉ ቦታ የምመጣው አሁን ነው። ክለባችን በገባ በአሥረኛው ዓመት መስከረም ላይ አባቱ ጻፉለት። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፣ መሰላል መውጣት አልችልም፣ የምትመጣ ከሆነ እርሻውን አቆይልሃለሁ፣ የማትመጣ ከሆነ ለጎረቤቱ እሰጠዋለሁ ይላል ደብዳቤው። ኢኩታ ደብዳቤውን ይዞ ማሟሟቂያው ቦታ መጣ። ማንም አልነበረም።

"እንደ ታላቅ ወንድም ይንገሩኝ" አለኝ። "ከማንም በላይ ኳሴን የሚያውቋት እርስዎ ነዎት። ሞታለች ወይስ አለች?"

አውቅ ነበር። መቺ ፊት ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል። እጄ ያውቅ ነበር፣ ጆሮዬም ያውቅ ነበር። ሂድ፣ አባትህን እርዳ፣ ኮክህን ልቀም ማለት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሃያ ሁለት ዓመት የለመደው ነው።

"አለች" አልኩት። "ሕያው ናት።"

አጎንብሶ አመሰገነኝ። በዚያው ሳምንት ለአባቱ አልመጣም ብሎ ጻፈ። እርሻው ለጎረቤት ተሰጠ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ውሸት ግን እያደር ነው የከበደኝ።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ከክለቡ ስልክ ተደወለለት። "ነገ ሱፍ ለብሰህ ቢሮ ና" አሉት። ተጫዋች ሱፍ ለብሰህ ና ከተባለ ተሰናብቷል ማለት ነው፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። በማግስቱ ግራጫ ሱፉን ለብሶ ሲሄድ አየሁት፤ ለሰው ሠርግ ያሰፋው ሳይሆን አይቀርም፣ ትከሻው ላይ ጠቦታል። ሲወጣ አገኘሁት። እየሳቀ፣ ገና የሙከራው ቀን አለ አለኝ።

የሙከራው ቀን በየዓመቱ ኅዳር ላይ ነው። ከየክለባቸው የተሰናበቱ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። አንድ ወርዋሪ ለሦስት መቺዎች ይወረውራል፤ የየክለቡ ሰዎች ደብተር ይዘው ያያሉ። የወደዱት ካለ በሳምንት ውስጥ ይደውላሉ። ካልደወሉ የለም። በዚያ ዓመት ሙከራው የተደረገው በእኛው የሁለተኛ ቡድን ሜዳ ስለነበር፣ ኳስ እንድይዝ ጠየቁኝ። ሚስቶችና እናቶች ካፖርት ለብሰው ከአጥሩ ውጪ ቆመዋል። ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም፤ ልቅሶ ቤት ይመስል ነበር።

የመቺዎቹ ዝርዝር ተለጠፈ። ለኢኩታ ሦስተኛው መቺ ናሩሚ ጎ ነበር። እሱም ተሰናብቷል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ከሰማንያ ሰው መካከል እሱ ደረሰው። ኢኩታ ስሙን አነበበና እንደገና አነበበ።

ናሩሚ ራሱ መጣ። ከግራ ዓይኑ ሥር ጠባሳ አለ፣ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ነው። ኮክ የለም ወይ፣ ባዶ እጅህን ነው የምትጠብቀኝ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ግራ ዓይኑ አያይም፣ ወደ ውስጥ የመጣ ኳስ ይፈራል ብለው ነው ያባረሩኝ። ውሸት ነው። ግን ወደ ውስጥ የሚወረውርልኝ ከሌለ በምን ላሳያቸው? ኢኩታ፣ ውስጥ ስጠኝ። ለአንተም ለኔም።"

"እሺ፣ ናሩሚ ሳን" አለ ኢኩታ። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቺዎች እንደምንም አለፋቸው። አንዱ ኳሶቹ ሰሌዳውን ስለሳቱ ሳይመታ በነጻ ወደ መጀመሪያው የሯጮች ማረፊያ አለፈ፣ ሌላው ደካማ ኳስ መሬት ለመሬት መትቶ ተያዘ። ደብተሮቹ ላይ ብዙ አልተጻፈም። ከዚያ ናሩሚ ሰሌዳው ላይ ቆመ፤ እንደ ድሮው ጥብቅ ብሎ።

የመጀመሪያዋ ኳስ ወደ ውጪ ሄደች። ሁለተኛዋም ወደ ውጪ፤ ናሩሚ ጫፏን ነካት። ከዚያ ናሩሚ እግሩን ሌላ ግማሽ ስንዝር ወደ ፊት አስጠጋና በጣቱ ጠባሳውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ አየው። እኔ ጓንቴን ከክርኑ ሥር አስቀመጥኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ መቺ ቆሞ ሳለ፣ እዚያች ቦታ ላይ ጓንት አስቀምጬ ምንም መጥቶልኝ አያውቅም።

መጣች። ገና ከእጁ ስትወጣ አወቅኋት። ጓንቴን ግማሽ ጣት እንኳ አላንቀሳቀስኩም። ከናሩሚ ክርን ሥር፣ ጠርዙን ገምሳ፣ ኪሱ ውስጥ ገባች፤ ጮኸች። እኔ አላስጮኽኋትም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ምንም ያላደረግሁላት ኳስ እሷ ናት። ናሩሚ ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም፤ ቆሞ አያት።

በደስታ ቀና ብዬ ጉብታውን አየሁ። ኢኩታ ኮፍያው በእጁ ነበር። አጎንብሷል።

ኳሷ ጓንቴ ውስጥ ሳትገባ፣ ዳኛው አፉን ሳይከፍት፣ እጁ ቀድሟል። እንዳስተማርኩት። ዳኛው ኳሷ በትክክል መግባቷን ሊመሰክር "ስትራይክ!" ብሎ ጮኸ፤ ኢኩታ ግን አልሰማም። አጥንት ሲሰበር የሚሰማ ሰው እንደሚቆም እንደዚያ ቆሟል። ከአጥሩ ጀርባ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፣ ወዲያው ዋጠው። ደብተር ከያዙት አንዱ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ሌላው አጠገቡ ላለው በጆሮው አንድ ነገር ነገረው፤ ምን እንዳለው ለማወቅ መስማት አያስፈልገኝም። ጥሩ ኳስ ወርውሮ ይቅርታ የሚጠይቅን ወርዋሪ ማን ይወስዳል?

"ኮፍያህን አድርግ" አለ ናሩሚ። "አልነካኝም።"

ኢኩታ አልተንቀሳቀሰም።

"አልነካኝም እኮ" አለ እንደገና፤ በዚህኛው ጊዜ ድምፁ ተሰበረ።

ዳኛው ሄዶ ትከሻውን ነካው። ኮፍያውን አደረገ። ቀጣይዋን ኳስ ወደ ውጪ፣ ቀስ አድርጎ ወረወራት፤ ናሩሚ ከአጥሩ ጋር አላተማት። ሮጦ ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ሲቆም ፊቱ የደስታ ፊት አልነበረም። ኢኩታ ከጉብታው ሲወርድ ለመቺውም፣ ለዳኛውም፣ ለኔም አጎነበሰ። እኔ አጸፋውን መመለስ አቃተኝ።

ለናሩሚ በሦስተኛው ቀን ሺኮኩ ካለ አንድ ትንሽ ክለብ ተደወለለት። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን ከኪሴ አልለየሁም፣ የሚደወለው ለኔ ይመስል። በሰባተኛው ቀን አመሻሹ ላይ ጮኸ። ኢኩታ ነበር። ማንም አልደወለልኝም አለኝ። ኦካያማ ተመልሶ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን መጫን ሊጀምር ነው፤ እርሻውማ የለም። አባቱ በጎረቤቱ አጥር ጥግ ቆመው ዛፎቹን ያያሉ አለኝ።

"ሆሪ ሳን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለ። "ያቺ ለናሩሚ ሳን የወረወርኳት… እኔ አላየኋትም። እንዴት ነበረች?"

"በዕድሜዬ ከያዝኳቸው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት" አልኩት።

በስልኩ ውስጥ ቀስ ብሎ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሽማግሌ የልጅ ጨዋታ ሰምቶ እንደሚስቀው ነው።

"ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚሉኝ" አለ።

"ቶሺሮ፣ ይኼኛው እውነት ነው። እምላለሁ።"

"እሱንም ብዙ ጊዜ ብለውኛል። ለሁሉም አመሰግናለሁ፣ ሆሪ ሳን።"

ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ደወልኩ፤ አላነሳም። ከዚያ በኋላም አላነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ልምምድ ነበር። ቦታዬ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ትከሻውን የሚያመው አንድ ወርዋሪያችን ጉብታው ላይ ወጥቶ ወረወረልኝ። ኳሷ ደካማ ነበረች፤ እሱም ሳያውቅ አልቀረም፣ ፊቴን ይመለከታል። በጓንቴ ኪስ ውስጥ ቀለብኳትና አስጮኽኳት።

"ግሩም ኳስ!" አልኩት።